ሃያ ሁለት ደቂቃ

የፒያሳው ኢንተርኔት ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲበተን፣
ቁጥር ሰባት ለእኔ ደረሰ፤ ማን ይፈልገው እሱን።
ግንባሩ ላይ ወረቀት አለ፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣
«ሰዓትዎ ሲያልቅ ይዘጋል» ይላል፤ ፊደሉ ግማሹ የረገፈ።
በባጃጅ አቅፌው ሄድኩ፣ አራስ ልጅ እንደያዘ ሰው፣
ሳሙና በር፣ አልጋዬ ሥር ገባ፤ ድመቷ ወረሰችው።

ማራገቢያው ያቃስታል። ያቃስት። ሥራው ይኸው ነው፦
ቀን ከሌት ሳይተኛ መጻሕፍትን በድምፅ እንዲያስቀምጥ፣
ስልክ ያለው ጎረቤት ሁሉ ከአጥር ማዶ እንዲያዳምጥ።
ሦስት ሌሊት ፈጀሁ።
አንዱን መብራት ኃይል በላው፣ አንዱን እኔው አበላሸሁት፣
በሦስተኛው አድራሻ ሰጠኝ፤ እንደ ቤት ቁጥር በሬ ላይ ጻፍኩት።

አንባቢው መምህር ይስማው ነው፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር።
ስሙ ይስማው፣ ሥራው ማሰማት። ዛሬም ልብ ወለድ ሲጀምር
የኔታ ዘንድ እንደቆጠረው፣ በውርድ ንባብ ነው የሚያዜመው፤
ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው ሳል ይዞት ወደ ተራ ወሬ የሚመልሰው።

በፍላሽ የሰጠኝ የጣና ታንኳ ቀዛፊና የልጁ ታሪክ ነው።
ማሽኑ ቁጥርን እንደ ፊደል ያያል፤ ከአንድ ቀጥሎ አስርን አመጣ፣
ታንኳው ገና ሳይታሰር፣ ተሽጦ ገንዘቡ ወጣ!
ዜሮ ጨመርኩላቸው፤ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት፤ ሁሉም በየተራው ቆመ፣
ዘጠነኛው ብቻ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ አዘገመ።
ብልሽት ነው አልኩ። ማይኩ ተነቅሎ ይሆናል። ወደ ቅርጫቱ ጣልኩት፣
ከስምንት ወደ አስር ድልድይ ሳልሠራ መጽሐፉን ለሰፈር ለቀቅኩት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለሰፈር ግን ዘመድ ሆነ፤
ልብስ ሰፊዋ እናትነሽ ምዕራፍ አራትን ስትሰማ፣ የሰው ሱሪ እግሩ ተደፈነ።
መብራት ሲጠፋ በሬ ይንኳኳል። «ሰውዬው የት ደረሰ?»
«ጎርጎራ ሳይደርስ ያሳድሩታል እንዴ!» ቢምረው ባጃጁን አቁሞ ወቀሰ።

ጥጋቡ፣ የማታ ዘበኛው፣
ጎህ ሲቀድ መጣ፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።
«ስምንት ላይ ልጁ መረብ ይጥላል፤ አስር ላይ ታንኳው ተሽጧል።
ልጁን ማንም አያነሳውም። መካከል ላይ አንድ ነገር ተውጧል።»

ቀሃን ተሻግሬ መምህር ይስማው ቤት ሄድኩ።
ግድግዳው ላይ የጣና ካርታ፤ ከጎርጎራ ትንሽ ዝቅ ብሎ
ሰማያዊው ቀለም በጣት ብዛት ተፍቆ ነጥቷል።
«ዘጠኝን ዘለዋታል መሰለኝ» አልኩ።
መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።
«አንብቤዋለሁ» አለ።
ሌላ አልጨመረም።

ቅርጫቱ አልተደፋም ነበር። አወጣሁት። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ።
ቆርቆሮ ላይ ዝናብ።
ወንበር ሲጥ ሲል።
ከዚያ ወረቀት፤ ገጽ ሲገለጥ።
ቆይቶ፣ ሌላ ገጽ ሲገለጥ።
አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አንዱ ላይ ብዙ ቆየ፤ ወደ ኋላ መለሰ፤ እንደገና ገለጠ።
ውርድ ንባብ አይደለም፣ ቁም ንባብም አይደለም፤
የኔታ ያላስተማሩት ሌላ ንባብ።

ስሙን ሳልለውጥ፣ ማስታወሻ ሳልጽፍበት፣ ቦታው መለስኩት።

በዚያው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስክሪኑን አየሁ፦
አንድ አድማጭ። ምዕራፍ ዘጠኝ።
በመስኮት የጥጋቡ ባትሪ በሩ ጋ መሬቱን ታበራለች፣ አትንቀሳቀስም።
አሁን ይዘለዋል፣ አሁን ይዘለዋል ብዬ ጠበቅሁ።
ሃያ። ሃያ አንድ።
ሃያ ሁለት።
ከዚያ አስር ጀመረ፤ ታንኳው ተሸጠ።